እንጦጦ ለመውጣት የተቋቋመ ኮሚቴ

የአዲስ አበባ ሰው ተራራ ሥር ተወልዶ፣ ተራራ ሥር ተድሮ፣ ተራራ ሥር ያረጃል። ወደ ላይ የሚወጣው ወይ ጠበል ሊጠመቅ፣ ወይ እንጨት ሊለቅም፣ ወይ ከውጭ ለመጣ ዘመድ ከተማዋን ቁልቁል ሊያሳይ ነው። መንገድን ለመንገድነቱ ሲባል መሄድ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ሲመጣም ስሙን ይዞ ነው የመጣው፦ ሃይኪንግ። ድሮ በእግሩ የሚሄድ ታክሲ ያጣ ሰው ነበር። ዛሬ በእግር ለመሄድ መዋጮ ይከፈላል።

እኛ የየካ ሰዎችም እንዳይቀርብን አሰብን። ሐሳቡ ሲናገሩት አጭር ነው። ከየካ ተነስተን ጫካውን ሽቅብ እንይዛለን፤ ከቋጥኝ የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን እንሳለማለን፤ ከዚያ የተራራውን ጀርባ ተከትለን ወደ ምዕራብ፣ እንጦጦ ማርያም ደርሰን በሽሮ ሜዳ እንወርዳለን። በስልክ ካርታ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም። ይህን ያየ አንዱ ወጣት «በቃ፣ ቅዳሜ እንውጣ!» አለ። ገና ልጅ ነው፤ ኮሚቴ አያውቅም።

ከሦስት በላይ የሆነ ሐበሻ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሳይመርጥ ከቤቱ አይወጣም። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገንዘብ ያዣችን የሰፈሩን ዕድር ደብተር የያዘችው ሴት ናት። በዚህ የተነሳ እቅዳችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለቅሶ ቤት ጠባይ ነበረው፤ ማን ምን ይይዛል ሲባል ቀድሞ የተመዘገበው ድንኳን ነው። ቀጥሎ ብረት ድስት፣ ከዚያ ወንበር።

ቀን መቁረጡ የባሰ ሆነ። ክረምቱ አይታሰብም፤ የሐምሌ ጭቃ እግሩን ለባለቤቱ መልሶ ጫማውን ያስቀራል። ኅዳር ይሁን ተባለ፤ ግን በ15 የነቢያት ጾም ይያዛል። ጾም ከተያዘ ጥብስ ይቀራል፤ ጥብስ ከቀረ እኛም እንቀራለን ያሉ ሰዎች በግልጽ እጃቸውን አወጡ። ጥር ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ቁርጥ የተሸከመ ሆድ ተጨማሪ ዳገት አይችልም። አሥራ ሦስት ወር ይዘን አንድ ባዶ ቅዳሜ አጣን።

ቀኑ በይደር ተይዞ ወደ ሰዓቱ ታለፈ። ከመካከላችን ማንበብ የሚወድ አንድ ልጅ፣ ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እንደ ፈረንጆቹ በ1892 ያወጣውን ስሌት ይዞ መጣ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዝ፤ ሽቅብ ለምትወጣው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ 1 ሰዓት ጨምር ነው ነገሩ። 15 ኪሎ ሜትር ሄደን 600 ሜትር ብንወጣ 4 ሰዓት ይፈጅብናል ማለት ነው። ጸሐፊያችን ስሌቱን «ከአገራችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር» አጣጣመችው። ለየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሩብ ሰዓት፤ ከተማዋ በዛፍ መሀል ብቅ ባለች ቁጥር ለፎቶ ሩብ ሰዓት፤ መንገድ ላይ ለሚገኝ የሚያውቁት ሰው ግማሽ ሰዓት፣ ሰላምታው እስከ አጎት ልጆች ጤና ከዘለቀ 1 ሰዓት፤ ለቡና 1 ሰዓት፣ በረካ ካለው 2። ሲደመር መንገዱ አዳር ሆነ።

ጅብ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

«እንጦጦ ጅብ አለ» አለ አንዱ።

«ጅብ ቀን አይወጣም» ተባለ።

«እኛስ በዚህ ስሌት ቀን እንመለሳለን?»

መልስ የሰጠ የለም። ጸሐፊዋ ብቻ «ባትሪ» ብላ ጻፈች።

የትንፋሹም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚሳበው 70 በመቶ ያህሉ ነው። አትሌቶቻችን ጎህ ሲቀድ እዚያ የሚሮጡት ደማቸው በጥቂት አየር ብዙ መሥራት እንዲለምድ ነው። የእኛ ደም የለመደው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ችግሩ የአየር ሳይሆን የታክሲ ማነስ ነው።

ስንቁን በተመለከተ በሶና ዳቦ ቆሎ ያቀረበ ሰው ነበር። «እስር ቤት ነው እንዴ የምንሄደው?» ተብሎ ሐሳቡ ወደቀ። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሃይላንድ ውሃ የሚለው ግን ያለ ክርክር አለፈ፤ ማን እንደሚሸከመው ገና አልተጠየቀም ነበርና።

ሲጠየቅ ኮሚቴው ተከፈለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ላይ ለካ አስፋልቱም አለ፣ ፈረሱም አለ፣ ቡና ቤቱም አለ። «እናንተ በእግር ኑ፤ እኛ ዕቃውን በመኪና ይዘን ላይ እንጠብቃችኋለን» የሚል በጎ ፈቃደኛ ተገኘ። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት ይጋባል። በሳምንቱ ጠባቂዎቹ ከተጓዦቹ በልጠው ሁለተኛ መኪና ይፈለግ ጀመር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ መንገዱን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ተላከ፤ እኔም አለሁበት። ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ እንዳለፍን ከላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ግራና ቀኝ ያለውን ቁጥቋጦ እየጠረገ ይመጣል። ሊያርፉ ሲሉ አላወረዱትም፤ ወገባቸውን ሰበር አድርገው እስሩን ድንጋይ ላይ አስደገፉት። እነዚህ እናቶች የሚሸከሙት ከ30 ኪሎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ አንዴ መሬት ከነካ አጋዥ ሳይኖር አይነሳም።

«እማማ፣ አናቱ ሩቅ ነው?»

እጃቸው ገመዱን እንደያዘ በአገጫቸው ሽቅብ ጠቆሙን። «ኧረ እዚችው ናት ልጄ።»

ንዑስ ኮሚቴው ይህን ማስረጃ ይዞ፣ ለጉንፋን የሚታጠን አንድ እቅፍ ባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥፎ ከዚያው ተመለሰ። በሪፖርቱም አናቱ ቅርብ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሪፖርቱ እንደተሰማ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ ታሪካችን የሚያስተምረን መውረድን ነው» አሉ። «ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተሙ። ብርዱና ነፋሱ አላስቀምጥ አላቸው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደዱት፤ ቤት አሠሩ፣ ቦታውን በ1879 አዲስ አበባ አሉት፤ መኳንንቱም ተከትሎ ወረደ። ንጉሡ በ1882 እንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ። አያችሁ? ዘውድ ለመድፋት ይወጣል፤ ለመኖር ይወረዳል። እናንተ የምትደፉት ዘውድ አላችሁ?»

የለንም አልን።

«ጫካውስ ለምን ተተከለ? የዙሪያው ዛፍ ተቆርጦ አልቆ፣ የሚነድ እንጨት ጠፍቶ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ነበር። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ዛፍ የተተከለው እኛ ከቦታችን እንዳንንከራተት ነው። እሱ ውስጥ ገብቶ መንከራተት ውለታ መርሳት ነው። ዝናቡን እንኳ ተመልከቱ፤ አናቱ ላይ እንደወደቀ በደቡብ ያለው በቀበና አድርጎ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን ያለው በሱሉልታ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሮጣል። እዚያ የሚቆይ የለም!»

ሁለተኛው መኪና በጭብጨባ ጸደቀ።

የዕቃው ዝርዝር የተነበበው እኛ ቤት ነው። አክስቴ ቡና እያፈሉ ይሰማሉ። አክስቴ ወር በገባ በ12 ዋሻ ሚካኤልን ይሳለማሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ መቋሚያቸውን ይይዛሉ፣ ለጠበል ባዶ ሃይላንድ ያንጠለጥላሉ፤ ሌላ የለም። ጸሐፊዋ ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ ወንበር፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጫማ፣ የዕድሩ ትልቁ ጀበና እያለች ስትወርድ ጨርሰው መስማት አልቻሉም።

«ይሄ ሁሉ ጓዝ ለመሄድ ነው ለመክተም?»

ኮሚቴው መሪ ሲፈልግ ስለከረመ አጋጣሚውን አላለፈውም። አክስቴ እዚያው፣ ስኒ እንደያዙ፣ በሙሉ ድምፅ የጉዞው መሪ ሆነው ተመረጡ።

«አይሆንም» አሉ። «ከእናንተ ጋር ከወጣሁ ቅዳሴ ያመልጠኛል።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «መሪ ለጊዜው አልተገኘም፤ መዋጮው ግን አይመለስም» ተብሎ ሰፈረ። ቀጣዩ ስብሰባ፣ ነገሩን ቀርቦ ለማጥናት እንዲመች፣ እንጦጦ አናት ላይ ቡና ቤቱ ውስጥ ይደረግ ተባለ። በመኪና።