70 ኪሎ የተሸከመች ቁራጭ እንጨት

አየር ጤና የሚለው የሰፈራችን ስም ለሰው እንጂ ለጊታር የወጣ አይደለም። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያበቃ አየሩ ይደርቃል፤ የሰው ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የቁም ሣጥን በር ይላላል፣ የጊታር ደረትም ይኮማተራል። ሰኔ ሲመጣ ያው እንጨት እርጥበቱን ጠጥቶ ያብጣል። ከንፈር ቫዝሊን አለው። ጊታር ግን በጋ ከክረምት ሲያብጥና ሲኮማተር ከርሞ አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳይነካው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ «ጧ!» ይላል። ቤተሰቡ ሌባ መስሎት ይነሳል። የተነሳው ግን ብሪጁ ነው።

ብሪጅ ማለት ከድምፅ ቀዳዳው በታች ደረቱ ላይ የተጣበቀች፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ክሮቹ የሚታሰሩባት ቁራጭ እንጨት ናት። ድልድይ ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። ድልድይን ሸክሙ ከላይ ይጫነዋል፤ ይህችን ግን ሸክሟ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይጎትታታል። ስድስት የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ጉተታቸው ተደምሮ 70 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። 70 ኪሎ ጤፍ እስከ ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ተሸካሚ ዋጋ ይከራከራል፣ መንገድ ላይ አረፍ ይላል፣ ግንባሩን ይጠርጋል። ብሪጅ ባለቤቱ ተኝቶም ይጎተታል፤ የሚይዘው ደግሞ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ እንጨትና በመሀል ያለች ሙጫ ብቻ ናት። ለናይለን ክር የተሠራ ጊታር የሚጠብቀው 40 ኪሎ ገደማ ነው። እሱ ላይ «ድምፁ ይጉላልኝ» ብሎ የብረት ክር የሚወጥር ሰው፣ ሚኒባስ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» እያለ ትርፍ ከሚጭን ረዳት አይለይም። መነሳቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። የ10 ብር ኖት አውጥቶ ከብሪጁ በስተኋላ ጠርዝ ሥር መሞከር ነው። ኖቱ ከገባ ጊታሩ ገንዘብ መብላት ጀምሯል፤ በ10 ብርም አይጠግብም።

መቼም ሰፈሩ የጠጋኝ ድኻ አይደለም። የሱቁ ልጅ ከምላጩና ከእስክሪብቶው ጎን የተንጠለጠለውን ሱፐር ግሉ ያዝዛል። ሊስትሮው ማስቲሽ ይላል። ሶፋ ሠሪው ነጭ ኮላ፣ ብየዳ ቤቱ ደግሞ ሁለት ብሎን ከነዳዶው። ሁሉም በየሙያቸው እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም የሚያልሙት ግን አንድ ነገር ነው፦ ዳግመኛ የማይላቀቅ ጥገና። እኔ የምከራከረው ይህንን ነው። ብሪጅ መጠገን ያለበት አንድ ቀን እንደገና እንዲነቀል ሆኖ ነው። ዛሬ የተነሳው ብሪጅ በአሥር ዓመቱ ሌላ ጥገና ይፈልግ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ጠጋኝ እንጨቱን ሳይቀድ መክፈት ካልቻለ፣ የዛሬው ጠጋኝ ያደረገው ጊታሩን መጠገን ሳይሆን በሩን ዘግቶ ቁልፉን መዋጥ ነው። በጣሊያኗ ክሬሞና የነበረው እውቁ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። ከሥራዎቹ እስከ ዛሬ የሚጮሁት ቫዮሊኖች ደግሞ ተከፍተዋል፣ ተጠግነዋል፣ አብዛኞቹ አንገታቸው ሳይቀር ተለውጧል። ይህ የተቻለው የተጣበቁት ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ስለነበረ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቅቃል፣ ሳያገኝ ግን መቶ ዓመት ይይዛል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር የቆዳ ሙጫ ከየሱቁ መጥፋቱ የሚያስቅ ነው። ሥጋውን ጥሬውን በላን፣ ቆዳውን ለነጋዴ ሸጥን፣ ለጊታሩ ሱፐር ግሉ አስመጣን። እርግጥ በኮንዶሚኒየም ቤት ቆዳ መቀቀል ከጎረቤት ያጣላል፤ እሱን አልመክርም። አናጺዎች የሚያውቁት ቢጫው የእንጨት ኮላ በቂ ነው፤ በካውያ ሲሞቅ እሱም ይለቅቃል።

ሱፐር ግሉ በሰከንድ ይይዛል የሚለው ሙግት እውነት ነው፤ ጣትንም ጭምር። ችግሩ የሚይዘው ምን ላይ ነው የሚለው ነው። አሮጌው ሙጫ ሳይፋቅ፣ አቧራው ሳይጠረግ በተነሳው ጠርዝ በኩል የተንጠባጠበ ሱፐር ግሉ እንጨት ከእንጨት አያጣብቅም፤ አሮጌ ሙጫ ከአሮጌ ሙጫ ነው የሚያጣብቀው። ከወር በኋላ ሲነሳ ደግሞ ብቻውን አይነሳም፤ ከደረቱ ላይ ስንጥር ገንጥሎ ይዞ ይወጣል። ኢፖክሲም ቢሆን ያው ነው፤ ጥንካሬው አልጎደለም፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ግን ከዕዳ በቀር የሚተወው ነገር የለም።

የብሎን ወገን ጠንከር ያለ ምስክር አለው። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ጊብሰን ራሱ በብዙ ጊታሮቹ ብሪጅ ላይ ብሎን ያስር ነበር፤ የብሎኑንም ራስ በሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይሸፍነው ነበር። ምስክሩን እቀበላለሁ፤ ቃሉን ግን እስከ መጨረሻው እንስማ። እነዚያ ብሎኖች ለሙጫው አጋዥ እንጂ ምትክ አልነበሩም። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የፕላስቲክ ብሪጅ በቪቴ አሰረ፤ ፕላስቲኩ በጉተታው እየተጣመመ ብዙዎቹ በኋላ በእንጨት ተተክተዋል። ሙጫው የለቀቀን ብሪጅ በሁለት ብሎን ብቻ የሚያስር ሰው፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ተዘርግቶ የነበረውን 70 ኪሎ በሁለት ቀዳዳ ላይ ይሰበስበዋል። ስሱ ደረት ከብሎኑ ጀምሮ በእንጨቱ መስመር ይሰነጠቃል። ያኔ በኮላ ይድን የነበረው ጊታር ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ይገባል።

ሶፋ ሠሪው ይሄኔ ነው የሚናደደው። «የእኔ ኮላ አምስት ሰው ያስቀምጣል፤ ስድስት ክር አቃተው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከራሱ ሶፋ ይገኛል። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ ብሎ ሲያልቅ ይነሳል፤ ሶፋውም ያርፋል። ነጭ ኮላ ድንገተኛ ክብደት አያስፈራውም፤ የማይወደው የማያባራ ጉተታን ነው። ቀንና ሌሊት ሲጎተት ሳይሰበር በዝግታ ይንሸራተታል፣ በተለይ ሙቀት ካገኘው። ጊታሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የኋላ መስታወት ሥር ትቶ ዕቃ ለመግዛት የወረደ ሰው ኮላውን መልሶ አለስልሶታል ማለት ነው። ቢጫው ይህን ከነጩ በተሻለ ይቋቋማል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከበገና ወገን የሚመጣው ነው። በገና 10 አውታር ተሸክሞ ለብሪጁ አንዲት ጠብታ ሙጫ አልጠየቀም፤ ክራርም እንዲሁ። ታዲያ የፈረንጁ መሣሪያ ምን አቀበጠው? የበገናው ብሪጅ በርኩማ ይባላል፤ ስሙ ከመቀመጫው በርኩማ ጋር አንድ ነው፣ ሥራውም እንደዚያው ነው። አውታሮቹ የሚታሰሩት ከታች ሌላ ቦታ ነው፤ በርኩማው ላይ ተቀምጠው ብቻ ያልፋሉ። ስለዚህ በተወጠሩ ቁጥር ወደ ቆዳው ይጫኑታል፤ ሸክሙ ራሱ ሙጫው ነው። ማንዶሊንም በዚሁ ብልሃት ይኖራል። ጊታር ግን ክሮቹን ብሪጁ ላይ አስሮ ራሱን በራሱ ይነቅላል። በዚህ ነጥብ በገና እንደሚበልጥ ሳላንገራግር አምናለሁ። (እንዝራ የሚባለው ቆዳ በአውታሩና በበርኩማው መሀል ገብቶ የሚያወጣው ያ ነዛሪ ድምፅ የበገና ክብር ነው፤ ያንኑ ድምፅ ጊታር ቢያወጣ ባለቤቱ «ታመመብኝ» ብሎ ይሮጣል።) ክሮቹን ከሣጥኑ ቂጥ ላይ በተሰካ ብረት አስሮ ጊታርን እንደ ማንዶሊን ማድረግም ይቻላል፤ ድምፁ ግን ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያው ጊታር ነው ብሎ መማል ከባድ ነው።

ሥራው ራሱ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ክሮቹ ላልተው ይወልቃሉ፤ ካውያ ብሪጁን ብቻ ያሞቀዋል፣ ደረቱ በካርቶን ይከለላል። ስስና ደብዛዛ ቢላዋ ከጠርዙ ገብቶ የእንጨቱን መስመር እየተከተለ በርጋታ ይገፋል፤ ሙጫው የሚለቅበት ድምፅ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ከተነሳ በኋላ ሥሩን ማየት አስተማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ቀለሙን በደንብ ሳይፍቅ ጠርዙ ላይ አጣብቆበት ይገኛል፤ ቀለም ላይ የተለጠፈ ሙጫ ደግሞ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ያ ሁሉ ተፍቆ ንጹሕ እንጨት ከንጹሕ እንጨት ይገጥማል። ብሪጁ ተሰንጥቆ መለወጥ ካለበት ወይራችን ጠንካራና ከባድ ነው፤ ከውጭ ከሚመጣው ሮዝዉድ ፊት አያፍርም። ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ዘንግ ደግሞ በጥንት ወግ አጥንት ናት፤ ቅልጥም በማይጠፋበት ከተማ ፕላስቲክ መግዛት ለሉካንዳው ስድብ ይመስለኛል። ሥጋውና ስቡ ተቀቅሎ ይጥራ እንጂ፣ አለዚያ ጊታሩን ውሻ ይከተለዋል። ቦታውን ግን በዓይን መገመት አይቻልም። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት 325 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከዚያ እስከ አጥንቷም ያንኑ ያህልና ጥቂት ጭማሪ መሆን አለበት። በሦስት ሚሊ ሜትር የሳተ ብሪጅ ታች ሲመቱት ደህና መስሎ፣ ወደ ላይ ሲወጡ መዘምራንን ያሳስታል፤ ወቀሳው ግን የሚደርሰው ድምፃዊቷ ላይ ነው።

«ምን አደከመን፣ አዲስ እንግዛ» የሚሉ አሉ። ይግዙ። አዲሱም የሚሰቀለው እዚያው አየር ጤና፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከብሪጁ ሥር ቀለሙ መፋቁን ሻጩም አያውቅም። አሮጌው ግን አሁን ሞርሳው ተጠብቆበት ተኝቷል፤ ተርፎ የወጣው ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል፤ 24 ሰዓት ሳይሞላ ክር አይወጠርበትም። በዚህ መሀል ለማታ ፕሮግራም ጊታር የሚዋስ ጎረቤት ይመጣል። በአውራ ጣቱ ብሪጁን ጫን ያደርግና «ይዟል እኮ!» ይላል።