ዝንጅብል በስንት ሰዓት?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሻይ ቤት ውስጥ አንዴ ካነጠስህ አለቀልህ። ማህረብህን ሳታወጣ ከየጠረጴዛው ሐኪም ይነሳል። «ዝንጅብል በባዶ ሆድ!» ይላል አንዱ። «በባዶ ሆድማ ጨጓራውን ይልጠዋል፤ ማታ ሊተኛ ሲል፣ በማር!» ይላል ሌላው። ባለ ባጃጁ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ካልገባበት ዋጋ የለውም ባይ ነው። የሻይ ቤቷ እናት ክርክሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ሙቀጫ ውስጥ ጠቅ ጠቅ አድርገው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጣሉት። «ጠጣ ልጄ፤ ሰዓቱ ሲፈላ ነው» አሉኝ።

በዚያ ሙቀት! የአባያ ሐይቅ ነፋስ ራሱ ፈልቶ የመጣ ይመስላል። ጠጣሁ። ጉንፋኑ ንቅንቅ አላለም፤ ሸሚዜ ግን በላብ ታጠበ።

ሳይንስ ከሻይ ቤቱ ይልቅ ቁጥብ ነው። ዝንጅብል ጉንፋን ያድናል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ደህና ምስክር ያለው ለማቅለሽለሽ፣ በተለይም ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ነው። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዲወርድም ያግዛል። ቃር ለሚያንገበግበው ግን ሊያባብስበት ይችላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳያማክር ባያበዛው ይሻለዋል። በእርጥቡ ውስጥ ያለው ጂንጀሮል ሲደርቅ በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይህኛው ይብስ የሚፋጅ ነው። ባለ ሙቀጫዋ እርጥቡን መምረጣቸው ለኔ አዝነው ይሆናል።

ርካሽ ነገር እንዳይመስልህ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በደቡብ ገብቶ የጎረቤታችንን የወላይታን ዝንጅብል ከነሥሩ አበስብሶታል። ገበያ ላይ «ትንሽ መርቂልኝ» ስል ሻጯ የምታየኝ ዓይን የዚያ ዘመን ይመስለኛል።

ማቅለሽለሽ ከተነሣ ደግሞ ጋሞ ውስጥ ሰዓቱን የሚወስነው የጨንቻ መንገድ ነው። አርባ ምንጭ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ እየተጠማዘዝህ ከ2700 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ረዳቱ ከሒሳቡ በፊት ጥቁር ፌስታል ያድላል። መኪና ለሚያመው ሰው የዝንጅብል ማስረጃው ወዲያም ወዲህም ቢሆንም፣ እኔ ከመነሣታችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ አንድ ቁራጭ ማኘክ ጀምሬ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው የአዲስ አበባ እንግዳ «እናንተ ሰዎች በሥራ ሥር ታምናላችሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ከዚያ ነገር ተርፎሃል?» አለኝ። አልተረፈም ነበር።

ዶርዜ ወርደን ትኩስ ቆጮ ከዳጣ ጋር ቀረበልን። እንግዳው ቀዩን ዳጣ በጥርጣሬ እያየ «ዝንጅብል አለበት?» ሲል ጠየቀ።

«አለበት ጋሼ» አለች አስተናጋጇ፤ «በርበሬው ካስገባዎት ያገኙታል።»