ለብሎካችን ሰብሳቢ ያለመከሰስ መብት ይገባል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለዋል አበው። የተረቱን መጀመሪያ እኛ የሲ.ኤም.ሲ ነዋሪዎች በዓይናችን አረጋግጠናል፤ ከየካ ተራራ እስከ አያት ቀና ብለን ብናይ አንድም የታረሰ ሰማይ የለም። ግማሹ እውነት ሆኖ ከተገኘ ቀሪው የሚጠረጠርበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ «ለውሃ ፓምፕ ያዋጣነውን ገንዘብ የት እንዳደረሱት ፍርድ ቤት ቀርበው ያስረዱ» የሚለውን የጥቂት ጎረቤቶች ጥያቄ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ችሎት የሚመላለስ ሰው ስብሰባ መምራት አይችልም፤ ስብሰባ ካልተመራ ደግሞ ፓምፕ አይገዛም። እርግጥ ሳይከሰሱም አልተገዛም። ቢከሰሱ ኖሮ ምን ያህል ላይገዛ ይችል እንደነበር ግን ማሰብ ይገባል።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ ጥቅምት 2 ቀን 2006 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ያለ መሪ በየትኛውም ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዳይከሰስ ወስነዋል። ያኔ ዘ ሄግ ላይ የኬንያው ኡሁሩ ኬንያታ ክስ፣ የሱዳኑ ኦማር አል በሽር ደግሞ የእስር ማዘዣ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ማላቦ ላይ፣ ለአፍሪካ ፍርድ ቤት ባወጡት ፕሮቶኮል ይህንኑ አሰፈሩ፤ «ከፍተኛ ባለሥልጣናት»ንም ጨመሩበት። የዘር ማጥፋትን የሚዳኝ ችሎት አቋቁሞ፣ ለመፈጸም አቅሙ ያላቸውን ሰዎች ከክሱ ማውጣት የዳኞችን የሥራ ጫና በእጅጉ ያቃልላል።

ጎረቤቶቼ ሕገ መንግሥታችንን ይጠቅሱብኛል። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይከሰስ ሲከለክል፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚደነግጉት ከ69 እስከ 71 ያሉት አንቀጾች ግን ስለ ክስ አንዳች አይናገሩም። እንዲያውም የምክር ቤት አባል ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ ወንበሩን ይለቃል፤ የወንበሩ ከለላም እዚያው ይቀራል። ከአባላቱ መካከል የሚመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ከለላው አይነካበትም። ይህ ስህተት የሚመስለው ላልበሰለ አንባቢ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ምን አጥፍቶ ይከሰሳል? ከለላ የሚያስፈልገው ለማጥፋት ለሚችል ነው።

ታሪክም ከእኔ ጋር ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውም የማይደፈር ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ሲወሰዱ አንቀጹ ተጣሰ የሚሉ አሉ። አልተጣሰም፤ ደርግ በዚያው ቀን ሕገ መንግሥቱን አግዶታል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ወንበራቸው ላይ ሳሉ ማንም አልከሰሳቸውም። የዕድሜ ልክ እስራት በ1999፣ ሞት በ2000 ዓ.ም. የተፈረደባቸው ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ከሄዱ ከዓመታት በኋላ ነው። አል በሽርም ወህኒ የወረዱት በ2011 ዓ.ም. ከሥልጣን እንደወረዱ ነው። ማስረጃው ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክራል፦ ሰውን ለክስ የሚዳርገው ከወንበር መነሳት ነው።

የሰብሳቢያችን የሥራ ዘመን በሚመጣው ወር ያበቃል። እኚህን ሰው አውርዶ ለመጥሪያ መዳረግ ጭካኔ ስለሆነ፣ ዘመናቸው እንዲራዘም ከደረጃ ደረጃ እየወጣሁ ፊርማ በማሰባሰብ ላይ ነኝ። ቀድመው የፈረሙልኝ ገንዘብ ያዡ ናቸው።