ያገለገለ የሸራ ጀልባን ለኮሌጅ ስለመለገስ የወጣ አዋጅ

ቁጥር፦ ከመዝገብ ቤት ሲወጣለት የሚሞላ

የአዳማ፣ የሞጆ፣ የቢሾፍቱ፣ የመተሐራና የባቱ ሰው ሆይ! በእጅህ ያረጀ ጀልባ ያለህ፣ ወይም በሰው አገር ስትኖር ከጎረቤትህ ግቢ ላስቲክ ለብሶ የቆመ ጀልባ አይተህ «ይህን ላገሬ ብልከው» ያልህ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የባሕር ሕጓን ግን በአዋጅ ቁጥር 164/1952 አስቀድማ ያወጀች በመሆኗ፤ ሕጉ ከተገኘ ጀልባው አይጠፋም ተብሎ ስለታመነ፤

አዳማ በነፋስ የማትታማ ከተማ በመሆኗ፤ በዙሪያዋ ኮረብቶች ላይ የተተከሉት ማመንጫዎች፣ አንደኛው ምዕራፍ በ51፣ ሁለተኛው በ153 ሜጋዋት አቅማቸው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ እንኳ የሚተርፈው ነፋስ ፌስታል ከማብረርና የልብስ ማስጫ ገመድ ከመበጠስ በቀር ሥራ ስላልተገኘለት፤

ውኃውም ቢሆን ቅርብ፣ ቆቃ ላይ ተጠራቅሞ የሚገኝ በመሆኑ፤ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ገንዘቡ ከጣልያን የጦር ካሳ የመጣ ስለነበር፣ ሐይቁ ራሱ በሌላ አገር ገንዘብ የቆመ ሆኖ ሳለ የሌላ አገር ጀልባ ቢንሳፈፍበት ነውር ስለሌለው (ካሳና ስጦታ አንድ አይደሉም የሚል ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቅርብ)፤

ሞጆ ውኃ የሌለው ወደብ፣ ቆቃ ወደብ የሌለው ውኃ ሆነው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ተፋጥጠው መቀመጣቸው ለአስተዳደር የማይመች ስለሆነ፤

ከሁሉ በላይ ያገለገለ መርከብ መቀበል ለአገራችን አዲስ ነገር ስላልሆነ፤ ማስረጃውም እነሆ። በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ከነበረ መሥሪያ፣ ኦርካ የምትባል መርከብ ውኃ ላይ ወረደች። (ሐይቅ ዳር ተሠርታ ውቅያኖስ መግባቷን የቆቃ ሰዎች ልብ በሉ።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ ስትሞላና ስትጠግን ቆየች። ከዓመታት በኋላ በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በውሰት ተሰጠች፤ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይሉ ዕጩ መኮንኖች መሠልጠኛም ሆነች። ኋላ ውሰቱ ወደ ግዢ ተለወጠ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠች።

በሰው አገር አገልግላ የመጣች መርከብ ሠላሳ ዓመት ያህል ዳግመኛ ማገልገሏ ያኮራል። አርቃቂው ኮሚቴ ግን በታሪኩ ውስጥ አንድ የሚያሳስብ ነገር አግኝቷል። ያን ጊዜ የኖርዌይ መኮንኖች ቀድመው መጥተው ባሕር ኃይሉን ሲያደራጁና ሲያሠለጥኑ ቆዩ፤ መርከቧ የመጣችው ኋላ ነው። አሠልጣኝ ቀድሞ መርከብ መከተሉ ለምረቃ ሥነ ሥርዓት የማይመች አካሄድ ስለሆነ በዚህ አዋጅ ታርሟል። ጀልባው ይቀድማል፤ አሠልጣኙ በጀት ሲገኝ ይታሰብበታል።

ስለሆነም የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የጀልባ ልገሳ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አይከፋውም።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ያገለገለ ጀልባ» ማለት ባለቤቱን ማገልገል ትቶ ባለቤቱ የሚያገለግለው ጀልባ ነው። «ለጋሽ» ማለት ይህ አገልግሎት የሰለቸው ሰው ነው። «ሐይቅ» ማለት ልገሳው በተፈጸመበት ቀን ውኃ የነበረበት ቦታ ነው።

አንቀጽ 3፣ ስለ ለጋሹ። በአሜሪካ የኮሌጅ የሸራ ጀልባ ክለቦች ያገለገለ ጀልባ በስጦታ መቀበል ልማዳቸው ነው። እዚያ የጀልባዋ ዋጋ ግብር ከሚከፈልበት የለጋሹ ገቢ ላይ ይቀነስለታል፤ ጀልባዋ ለተማሪ የማትሆን ከሆነ ደግሞ ኮሌጁ ይሸጣትና ገንዘቡን ለገመድና ለሸራ ያውለዋል። ለጋሾች የአሮጌ ጀልባቸውን ዋጋ በምኞታቸው ልክ እየገመቱ ስላስቸገሩ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ500 ዶላር በላይ የሚጠየቅባትን ጀልባ ተቀባዩ ከሸጣት፣ ለጋሹ የሚቀነስለት በተሸጠችበት ዋጋ ብቻ እንዲሆን ሕግ ወጣ። እኛ ይህን መሰል ጭቅጭቅ ውስጥ አንገባም። ሞዴል 19 የተቆረጠላት ጀልባ የኮሌጁ ቋሚ ንብረት ናት፤ ውኃ ብትገባም ባትገባም የማስወገድ ኮሚቴ እስኪቋቋም ድረስ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ትቆማለች። ለጋሹም ግምቷን እንደ ልቡ ይናገር፤ በዜና የሚነበበው እሱ ያለው ነው።

አንቀጽ 4፣ ስለ ጉምሩክ። ጀልባዋ ጅቡቲ ድረስ በመርከብ፣ ከጅቡቲ ሞጆ በከባድ መኪና ትመጣለች። ሞጆ ስትደርስ ምንነቷ ይወሰናል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባረጀ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ለማንም የተሰወረ ስላልሆነ፣ ትራንዚተሩ «ጎማ የላትም፤ መኪና አይደለችም» ብሎ ይከራከራል። «ታዲያ በምን መጣች?» ይባላል። «በመኪና ተጭና» ሲል መኪናውም አብሮ ይመረመራል። ሊብሬ ትጠየቃለች፤ የሻንሲ ቁጥር ትጠየቃለች። በዚህ መሀል የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ኪራዩን ለጋሹ ይክፈል ወይስ ኮሌጁ የሚለው ጥያቄ በዚህ አዋጅ ሆን ተብሎ አልተመለሰም።

አንቀጽ 5፣ ስለ አቀባበል። ጀልባዋ ሞጆ ብትቆይም ርክክቡ አይቆይም። አዳማ የስብሰባ ከተማ መሆኗ ለዚህ አዋጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ባለሙያ ሁሉ የትኛው ሆቴል አዳራሽ ፕሮጀክተሩ እንደሚሠራ፣ የትኛው ለሻይ ዕረፍት ሳምቡሳ እንደሚያቀርብ በቃሉ ያውቃል። ስለዚህ «የሸራ ጀልባ ልገሳ፦ መልካም አጋጣሚዎችና ተግዳሮቶች» በሚል ርእስ የሁለት ቀን አውደ ጥናት ይደረጋል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጀልባ ምን እንደሆነች በስላይድ ይብራራል፤ ከምሳ በኋላ ተሳታፊዎች በቡድን ተከፍለው ይኸንኑ ይወያዩበታል። በሁለተኛው ቀን ቆቃ ድረስ የመስክ ጉብኝት ተደርጎ ዓሣ ተበልቶ ይመለሳል። ውሎ አበል ለሁለት ቀን ነው፤ ጀልባ አይቶ የማያውቅ ተሳታፊም እኩል ይከፈለዋል። ባነሩ ላይ የሚታየው ጀልባ ከኢንተርኔት የተወሰደ እንጂ የተለገሰው አለመሆኑ በማንም ዘንድ ቅሬታ ሊያስነሣ አይገባም።

የዚህ አዋጅ ረቂቅ ለውይይት በቀረበ ጊዜ የሆነው እዚህ ላይ ቢሰፍር አይጎዳም። አንዲት የስፖርት መምህርት እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ተማሪዎቼ መዋኘት አይችሉም። ጀልባዋ ትቆየንና ሃያ ላይፍ ጃኬት፣ ጥሩ ገመድና ዋና የሚያስተምር ሰው ብታገኙልን?»

«መምህርት፣ ሐሳብዎን ያሳጥሩልን።»

«አሳጠርኩት እኮ፤ ሃያ ላይፍ ጃኬት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው በትሕትና አስረዱ። «ይገባኛል። ግን ላይፍ ጃኬት ላይ ሪባን አይቆረጥም። የትኛው የሥራ ኃላፊ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ገመድ የሚመርቀው?» አስተያየቱ በቃለ ጉባኤው «ከርእሱ የወጣ» ተብሎ ተመዘገበ። አንቀጽ 6፣ «ስለ ጀልባዋ መጠገኛና መንከባከቢያ በጀት» የሚለው፣ በዚያው ዕለት ተሰርዟል።

አንቀጽ 7፣ ስለ ባለሙያ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የኖሩት ዛዮች ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ተክል አስረው የገዛ ጀልባቸውን ሲሠሩ፣ ነፋሱን ሲያነቡና በሞገድ ሲሻገሩ ዘመናት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ሰርተፊኬት የላቸውም። በመሆኑም በአሠልጣኝነት አይመደቡም፤ በምረቃው ቀን ግን ጀልባቸውን ይዘው ለባህል ትርዒት እንዲቀርቡ ይጋበዛሉ፤ የትራንስፖርት ወጪ ይሸፈንላቸዋል።

አንቀጽ 8፣ ስለ ምደባ። ጀልባዋ ለየትኛው ሐይቅ ትሰጥ በሚለው ላይ ኮሚቴው ብዙ ደክሟል። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የማሪታይም አካዳሚ አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ባለበት ጀልባ ማስቀመጥ ለኮሚቴው ኅልውና አስጊ ስለሆነ ቀርቷል። ሻላ 266 ሜትር ስለሚጠልቅ የመልሕቁ ገመድ ብቻ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልገዋል። ላንጋኖ ደህና ነፋስ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት መምህራን ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ። አብያታ ውኃው ለዓመታት ሲሸሽ ኖሯል፤ መጋቢዎቹ ወንዞች ለመስኖ ይሳባሉ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ሲተን ኖሯል። ዳር ላይ የታሰረች ጀልባ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ጎማ ይገጠምላት የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ ጎማው በአንቀጽ 4 የተነሣውን ክርክር ስለሚያበላሽ ውድቅ ሆኗል።

የመተሐራው በሰቃ በተቃራኒው ነው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከአርባ በላይ ሆኗል፤ እርሻ ውጦ፣ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ከፍ እስከ ማስደረግ ደርሷል። ስለዚህ መተሐራ ጀልባ ወደ ሐይቅ በመጎተት ገንዘብ አታባክን። ጀልባዋን በከተማው መሀል አቁማ ትጠብቅ።

የቀረው ቆቃ ነው። በቆቃ እምቦጭ መታየት የጀመረው ጣናን ከመውረሩ ከአርባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ለጣና በውጭ ያሉ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ማጨጃ ማሽን ልከዋል፤ ለቆቃ ግን ጀልባ ይበቃል። የሸራ ጀልባ በእምቦጭ ላይ መሄድ አለመቻሉን የሚገልጽ ጥናት ቢቀርብ ኮሚቴው ለማንበብ ፈቃደኛ ነው። ጉማሬና አዞ ደግሞ በሐይቁ ቀድመው የሰፈሩ ባለ ይዞታዎች ስለሆኑ ከተማሪዎች ጋር የሚኖራቸው ግንኙነት በመግባባት መንፈስ ይመራል።

አንቀጽ 9፣ ስለ ቅጣት። ጀልባዋን ያለ ሞዴል 22 ከግምጃ ቤት አውጥቶ ውኃ ላይ ያሳረፈ ተማሪ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። ጀልባዋ ላይ ዶሮ ያረባ የጥበቃ ሠራተኛ ግን፣ ንብረቱን ሥራ ላይ በማዋሉ፣ የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል።

አንቀጽ 10፣ ስለ ተፈጻሚነት። ይህ አዋጅ የሚታተምበት ወረቀት በጨረታ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለሆቴሉ ሒሳብ ክፍል (ከፊርማ ወረቀቱ ጋር)
ለትራንዚተሩ፣ ሞጆ ከተገኘ
ለስፖርት መምህርቷ፣ ለመረጃ ብቻ
ለቆቃ ጉማሬዎች፣ በቃል