እጀታው ያማረ ካሜራ

ወዳጄ ላይካ ኤም 6 ከገዛ ወዲህ አንድም ፎቶ አላነሳም ብሎ ማማት ነውር ነው። አንድ አንስቷል፤ የካሜራውን እጀታ፣ በስልኩ።

ጀርመኖቹ ይህን ካሜራ በአውሮፓውያን 1984 ለገበያ ሲያወጡት ፊቱ ለጥ ያለ፣ እጀታ የሌለው ነበር። ወዳጄ ይህን እንደ መርሳት ቆጠረባቸው። መጀመሪያ የእንጨት እጀታ ከውጭ አስመጣ። ቀጥሎ የፍላሽ መሰኪያው ላይ የሚገባ የአውራ ጣት መደገፊያ፣ ከዚያ መተኮሻው ላይ የምትጠመዘዝ ቀይ ቁልፍ፣ በመጨረሻም የቆዳ ልብስ። የገዛ ልጁ ለበዓል እንኳ እንዲህ አልለበሰም።

ጣጣው የኤም 6 ፊልም የሚገባው ከታች በኩል መሆኑ ነው። ልብሱ ይወልቃል፣ እጀታው ይፈታል፣ የሥሩ ክዳን ይነሳና ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ እጅ አይበቃማ። ለ36 ምስል ይህ ሁሉ ሽርጉድ!

ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰድኩት። ዓሣው ይበለታል፣ አባ ኮዳዎቹ አንጀት ጥበቃ እንደ ሽማግሌ ቆመዋል።

«አንሳ እንጂ!» አልኩት።

«ቆይ፣ ቁልፏ ላልታለች።»

አጠገባችን አንድ የሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺ፣ ማንገቻው በቋጠሮ የተቀጠለ ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ ሦስት ቤተሰብ አንስቶ ሒሳቡን ተቀበለ። ወዳጄ ከልቡ አዘነለት።

«ምስኪን» አለኝ፣ «እጀታ እኮ የለውም።»