መብራት እንደመጣ ፕሩን በሉ

የሰው መዝገብ በአንድ መስመር ትእዛዝ ድራሹን ለማጥፋት ከሁሉ የሚመቸው ሰዓት መብራት ሄዶ የመጣበት ነው። ሱሉልታ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ ቡራዩ የአንድ እድር ሒሳብ፣ ሰበታ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ጠረጴዛ ስር ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ ክፍል በሚያሠራው በዶከር፣ ይሠራል እንበል። መብራት ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይዞ ይለቃል። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩም ዶከሩም ይነሳሉ። ኮንቴይነሩ ግን ሲፈጠር ራሱን እንዲያስነሳ የሪስታርት ፖሊሲ ካልተሰጠው እንደቆመ ይቀራል። «ዶከር ፒኤስ» ስትሉ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ ትእዛዙ የሚያሳየው በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነውና። «ሰረዝ ኤ» ብትጨምሩ የቆመውም ይታያችሁ ነበር፤ አትጨምሩ።

ቀጥላችሁ «ዶከር ሲስተም ፕሩን» በሉ። ፕሩን በመብራት የቆመውን ሆን ተብሎ ከቆመው አይለይም፤ የቆመ ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው። ከመሰረዙ በፊት የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ የቆሙ ኮንቴይነሮች ሁሉ እንደሚጠፉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይናገራል። እሱን ሳታነቡ «ዋይ» ተጫኑ። መብራቱ ሲሄድ ምን እንደተፈጠረ የሚናገረው ሎግም አብሮ ይሄድላችኋል።

ዳታው የት እንደተቀመጠ አለመጠየቅ የጥፋቱ ዋና ክፍል ነው። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ በሚደርሰው የባቡር መስመር የሚጓዝ የብረት ኮንቴይነር ዕቃው ሳይራገፍ አይጣልም። የሶፍትዌሩን ኮንቴይነር ግን ከነዕቃው መጣል ይቻላል፤ ማንም አያስቆማችሁም። ፕሮግራሙ በራሱ በኮንቴይነሩ ውስጥ የጻፈው ፋይል ከኮንቴይነሩ ጋር ይጠፋል። ቮልዩም ላይ፣ ማለትም ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ የዳታ ማስቀመጫ ላይ፣ የተጻፈው ይተርፋል። ስም ያልተሰጠው ቮልዩም ግን «ዶከር አርኤም» ላይ «ሰረዝ ቪ» ስትጨምሩ አብሮ ይሰረዛል፤ ሳትጨምሩ ቢተርፍም 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ስም ይዞ ስለሚቀር የቱ የእድሩ፣ የቱ የሙከራው እንደሆነ ለማወቅ መከራ ነው። ስም የተሰጠውንም ማጥፋት ካሰባችሁ «ኮምፖዝ ዳውን» ላይ ያችኑ «ሰረዝ ቪ» ጨምሩ። «ዶከር ኢንስፔክት» ብሎ «ማውንትስ» የሚለውን ክፍል ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ግማሽ ደቂቃ ንፈጉት።

የእድር መዝገብ ሲጠፋ የሚጎዳው ኮምፒውተሩ አይደለም። ለዓመታት መዋጮዋን ሳታጓድል የከፈለች እናት በሐዘኗ ቀን ደረሰኝ አምጪ ትባላለች። የክሊኒኩ ካርድ ሲጠፋ የስኳር ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት መጠን ከአፉ ብቻ መስማት ግድ ይሆናል። ይህ ሰውን መበደል ነው፤ የቴክኒክ ስህተት ብለን የምናልፈው አይደለም።

የሚሠራውን ኮንቴይነር ለማጥፋት «ዶከር አርኤም» ብቻውን እምቢ ይላል፤ «ሰረዝ ኤፍ» ጨምሩበት። «ዶከር ስቶፕ» ፕሮግራሙን ጨርስና ውጣ ብሎ አስጠንቅቆ፣ ካልተቀየረ በቀር 10 ሰከንድ ይጠብቃል። «ሰረዝ ኤፍ» አይጠብቅም፤ በሜሞሪ ላይ ያለው፣ ገና ዲስክ ላይ ያልወረደው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ይህን ሁሉ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በስልክ ብታደርጉት ይበልጥ ይሳካል። የሙከራውንና የዋናውን ሰርቨር ሁለቱንም ክፈቱ። በአንድ የኮምፖዝ ፋይል ስለተነሱ የኮንቴይነሮቹ ስም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳላችሁ የሚነግራችሁን የመስመሩን መጀመሪያ በጠባቡ ስክሪን ላይ አትፈልጉ። የሰው መዝገብ ያለበትን ሰርቨር በታክሲ ውስጥ መነካካት ክልክል ቢሆን እኔ እደግፋለሁ።

ዲስክ ሞላ ብላችሁ ፕሩን ላይ «ሰረዝ ኤ» ብትጨምሩ ኮንቴይነር የሌለው ኢሜጅ፣ ማለትም ኮንቴይነር የሚፈጠርበት ቅጂ፣ ሁሉ ይጠፋል። መልሶ ማውረዱ በመቶ የሚቆጠሩ ሜጋባይቶችን ከፓኬጃችሁ ይበላል።

በመጨረሻ ባክአፑን እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጡት፤ አብሮ ይጠፋል። ማትረፍ የሚሻ ሰው ግን የቆመ ኮንቴይነር ገና እንዳልጠፋ ይወቅ። ካልተሰረዘ በቀር «ዶከር ሲፒ» ከውስጡ ፋይል ያወጣል፤ «ዶከር ስታርት» ደግሞ እንደገና ያስነሳዋል። ያወጣውን ሌላ ማሽን ላይ ያስቀምጥ፤ እዚያም ዳታቤዙን አንድ ጊዜ ከፍቶ የአንድ አባል ስም ፈልጎ ያግኝ። አርኤም የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው።