መጽሐፍ ተውሶ የመቅረት ጥበብ

ፍኖተ ሰላምም ሁን ቡሬ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ መጀመሪያ የምታስይዘውን መታወቂያ ምረጥ። ደህናው ኪስህ ውስጥ ይቀመጥ። ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ፎቶው ላይ ፀጉርህ ገና ያልሳሳበት የቀበሌ መታወቂያ ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ ተይዞ ቢቀርም የሚጎድልብህ የለም። እሱ ከጠፋ ፋይዳህን ከስልክህ ላይ አሳይ። ስልክህን አስይዝ የሚልህ አይኖርም።

ቀጥሎ ወንበር። በጧት ገብተህ መስኮቱ ሥር ያለውን ያዝ፤ ጃኬትህን አንጠልጥልበት፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ገልጠህ ተውና ወደ ከረምቦላህ ሂድ። ለማትሪክ ሊያጠና ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣ ልጅ ቆሞ ቢያነብ ምን ይሆናል? እግሩ ለምዷል። ጃኬትህ ግን ድካም አለበት።

አጋዥ መጽሐፍ ከደረሰህ በእርሳስ አትነካካው፣ ይጠፋል። በእስክሪብቶ አክብብ፤ ያውም ጥያቄውን ሳታነብ። አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ አይቻለሁ፦ ጥያቄ 14 ላይ ቢ በሰማያዊ ተከብቧል፤ ከጎኑ በቀይ «ውሸት ነው፣ ሲ ነው» ተብሏል፤ ከሥሩ ደግሞ በጥቁር «ሁለታችሁም ደደቦች»። ለማረጋገጥ ወደ መጨረሻው ሲገለጥ የመልሱ ገጽ የለም። ከሁሉም ጎበዝ ገንጥሎት የሄደው አራተኛው ነው።

ልብ ወለድ ግን አይገነጠልም፤ ሙሉውን ነው የሚወሰድ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተዋስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙት በዛብህን እዚሁ ማንኩሳ ነው ያስወለዱት፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ የምታልፋት ማንኩሳ። የአገር ልጅ ዘመድ ቤት ቢከርም ማን ይጠይቃል? ብቻ አንብበህ እንዳትጨርሰው፤ የጨረሰ ሰው የመመለስ ሐሳብ ይመጣበታል። ሃያ ገጽ ያህል ሂድና ከቴሌቪዥኑ ሥር ሸጉጠው፤ ማታ ማታ እያወጣህ ኦቾሎኒ ላጥበት። ታሪኩ እንደሆነ አያመልጥህም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ጓደኛህ ከጠየቀህ አውሰው፤ እሱ ለአማቹ ያውሳል፤ አማቹ ጅጋ ይዞት ይወርዳል። በዛብህ እንኳ ከማንኩሳ ዲማ ለትምህርት ሲሄድ ይህን ያህል አልተንከራተተም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስትደውል «እታለም፣ ነገ በጧት ነው የማመጣው» በላት። ነገ ከደወለች መጽሐፉ እናትህ ጋ ገጠር ነው። ክረምት ከሆነ ጭቃ አለ፣ በጋ ከሆነ ሠርግ አለ፣ በመካከሉ ደግሞ ዐቢይ ጾም አለ። መንገድ ላይ ካገኘችህ ቀድመህ አጎንብሰህ ሰላም በላትና የልጆቿን ጤና አንድ በአንድ ጠይቅ። ይሉኝታ ይይዛታል፤ አንተን ያልያዘህ እሷን መያዙ አይቀርም።

እስቲ አሁን ምናለ ብትመልሰው! አንተ አላነበብከው፣ ቤትህ የሚያነበው የለም፣ ሸጠህም አልበላህበት። ለቴሌቪዥን ማስደገፊያ ጠርብ ጠፍቶ ነው? አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በመጣች ቁጥር «ሰው ወስዶታል» እየተባለች ትመለሳለች። ሰው! አንተን ነው ሰው የሚሉህ... ይቅር፣ ምክሩ ላይ ነበርን።

መጽሐፍ ለግሶ ስም ማትረፍ ለሚሻም ቀላል ነው፦ የጓዳህን አሮጌ የሥልጠና ሰነድ ጠርዘህ አምጣ፣ ርክክቡን ፎቶ አስነሳ።

የሚዋሰው ደግሞ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የከተማ ቤተ መጻሕፍት የሙዚየምና የአትክልት ሥፍራ መግቢያ ካርድ ጭምር ያውሳሉ። ሰውየው በነጻ ወይም በቅናሽ ጎብኝቶ ካርዱን ይመልሳል፣ ቀጣዩ ይወስደዋል። ሞኞች። አሠራሩ ወደኛ ከመጣ ቀድመህ ተሰለፍ፤ ካርዱን በዕለቱ ላሚኔት አስደርገህ መናኸሪያ ላይ አዲስ አበባ ለሚሳፈር ሁሉ አከራየው። ዘመድ አዝማድህ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ባየ ቁጥር ይመርቅሃል። ሲመዘግቡህ ብቻ ጠንቀቅ በል፤ የጅጋውን ሰውዬ ስልክ ስጣቸው።